የአባቶች ስምና የደንበኛው ቍልፍ

ሰው የአያቱን ስም ለማወቅ ገንዘብ መክፈል ይገባዋልን? ከፍሎ ያገኘውንስ ለወንድሙ በነጻ ቢያካፍል ለጋስ ይባላልን ወይስ ሌባ? ይህ ጥያቄ ለአባቶቻችን እንግዳ በሆነባቸው ነበር። በዘመናችን ግን በየቤቱ እየገባ ነው፤ ይልቁንም ከአገራቸው ወጥተው በባዕድ ከተማ በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ የዕለት ጥያቄ ሆኗል። አንዳንዱ “ይህስ የሕግ ዐዋቂዎች ጉዳይ ነው፥ እኛን ምን አገባን?” ይላል። ነገር ግን የሰጡትን ቃል መጠበቅ፥ የባልንጀራን ችግር ማየት፥ የሌላውንም ምስጢር መሸፈን በአንድ ጉዳይ ውስጥ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ሲጋፉ፥ ነገሩ የሕሊና ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ዘር መቍጠር ለሕዝባችን የሥራ ፈት ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲታሰብ ሽማግሎች ከሁለቱም ወገን ተቀምጠው በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ፤ ዝምድና ከተገኘ ድግሱ ተደግሶ እንኳ ቢሆን ነገሩ ይፈርሳል። እንግዲህ በእኔ ቤት የሚታወቀው የቅድመ አያት ስም ለጎረቤቴ ልጅ ጋብቻም ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነበረ። በጎጃምና በበጌምድር የርስት አገር፥ ሰው ከዋናው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቈጥሮ ካስረዳ ከመሬቱ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም በዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዐት አጥንቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ከዋናው አባት ወደ ምንዝር አባት፥ ከምንዝር አባትም ወደ ልጅ ልጆቹ የሚወርደው ሐረግ እንደ ሀብት የሚቈጠር ነበርና፥ የሚያውቀው ሽማግሌ ለሁሉ አይዘረግፈውም፤ በዳኛ ፊት ለሚከራከረው ወገን ደግሞ ከቶ አይገልጥለትም። ይህ ሥርዐት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀረ። ስለዚህ “ዱሮ የዘር ዕውቀት ለሁሉ በነጻ ይሰጥ ነበር፥ ዋጋ ያስገቡበት ፈረንጆች ናቸው” እያልን ያለፈውን ዘመን አናሳምረው። የአባት ስም ዋጋ ማውጣት የጀመረው ኢንተርኔት ሳይታሰብ ነው።

የተለወጠው የመዝገቡ ጠባቂ ነው። ዱሮ ጠባቂው በቀዬው ያለ፥ ስሙም ቤቱም የሚታወቅ፥ ሲሄዱበት ቡና አፍልቶ የሚያስቀምጥ ሽማግሌ ነበረ። ዛሬ ግን በባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ሆኗል። የአሜሪካው አንሴስትሪና በእስራኤል የተመሠረተው ማይሄሪቴጅ በዚህ ሥራ ከታወቁት ናቸው። እነዚህ ድርጅቶች የሕዝብ ቈጠራ መዝገቦችን፥ የመርከብ መንገደኞችን ስም ዝርዝር፥ የጋብቻና የሞት ጽሑፎችን፥ የአብያተ ክርስቲያናትን የጥምቀት መጻሕፍት ሳይቀር በፎቶግራፍ አስነሥተው፥ ስሙ ሁሉ ተፈልጎ እንዲገኝ አድርገው አዘጋጅተው ለደንበኛ ያሳያሉ። ደንበኛውም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፍላል፤ ክፍያው ሲቋረጥ በሩ ይዘጋበታል። ዋጋው እንደ ውሉ ስፋት ይለያያል። በወር ሃያ አምስት ዶላር እንኳ ብንወስድ በጅቡቲ ገንዘብ ከ4,400 ፍራንክ በላይ ይሆናል።

የጅቡቲን ገንዘብ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ጥያቄ በጉልህ የሚታይበት አንድ ስፍራ ብፈልግ፥ በጅቡቲ ከተማ በሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ያለውን ማዕከላዊ ገበያ አስባለሁ። በዚያ ሱማልኛና አፋርኛ፥ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ከአማርኛ ጋር ይደባለቃሉ፤ ከአገራችን የወጣው አትክልትና ፍራፍሬ በዚያ ይሸጣል። ይህን ከተማና የእኛን አገር ያስተሳሰረው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት ጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ አባት በወደብ፥ እናት በድሬዳዋ፥ ልጅ በአዲስ አበባ እየሆነ ቤተ ሰብ በሐዲዱ ላይ ተበተነ። አንዳንዱም በወደቡ አልቆመም፤ ከዚያ በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። እንዲህ ያለው ሰው ስሙ በቀዬው ሽማግሌ አፍ ሳይሆን በባዕድ ጸሐፊ ብዕር ነው የቀረው። የልጅ ልጆቹም እርሱን ሊፈልጉ ቢነሡ ወደ ፈረንጅ መዝገብ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንፍጠር። በዚያ ገበያ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። በካናዳ የሚኖር የእኅቷ ልጅ የአንድ ዓመት ክፍያ ከፍሎ የይለፍ ቃሉን ላከላትና፥ “አክስቴ፥ አያታችንን ፈልጊ” አላት። ፈለገችም፥ አገኘችም። አያትዮው በመርከብ እሳት ቈስቋሽ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ኒው ዮርክ ደርሷል። በዚያ ዘመን የነበረው የመርከብ ሠራተኞች ዝርዝር የሰውን ስምና ዕድሜ፥ ዜግነቱን፥ ቁመቱንና ክብደቱን፥ ማንበብ መቻሉንም ይጽፍ ነበር። ይህች ሴት አያቷን በፎቶግራፍ እንኳ አይታው አታውቅም፤ አሁን ግን ቁመቱን ዐወቀች። እንዲህ ያለው ነገር ሲገኝ በገበያ ውስጥ ተደብቆ አይኖርም። በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ወደ እርስዋ መጡ። ጎረቤቷ “እትዬ፥ የእኔም አባት ባሕረኛ ነበርና ቍልፉን አውሺኝ” አላት። አንድ ወጣት ደግሞ “ከጅቡቲ የሄዱትን ሐበሾች ሁሉ ገጽ ገልብጬ መጽሐፍ አሳትሜ ልሽጥ” አለ። ሦስተኛው የገዛ ወንድሟ ነው፤ እርሱ የመጣው ሊለምናት ነው፥ “ያገኘሽውን ለማንም አትንገሪ” ብሎ። የእርሱን ምክንያት ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሦስቱ ልመናዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም ስለ ማካፈል ናቸውና። ዳሩ ግን የተጠየቀው ነገር ሦስት ዐይነት ነው፤ ይኸውም ቍልፉ፥ ገጹና ወሬው ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ስለሚያደባልቁ፥ አንዱ ሁሉን ከልክሎ ንፉግ ይሆናል፥ ሌላው ሁሉን ሰጥቶ ቃሉን ያፈርሳል።

ከቍልፉ እንጀምር። ደንበኛው በገባው ውል ላይ የመግቢያው ቃል ለእርሱ ብቻ የተሰጠ መሆኑ፥ ለሌላ እንዳያስተላልፈው፥ በእርሱም ስም ለሚደረገው ሁሉ ኀላፊ መሆኑ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የሚነሣውን ክርክር ዐውቀዋለሁ፤ ከባድም ክርክር ነው። “ይህ ድርጅት ባለጸጋ ነው፤ የሚሸጠው የእኛን አባቶች ስም ነው፤ አባቶቻችን ስማቸውን ሲያጽፉ እንዲሸጥ አልፈቀዱም፤ እርሱ ያልለፋበትን ወስዶ በር ዘግቶ ሲያስከፍለን፥ እኛ በሩን ለጎረቤት ብንከፍት ምን ኀጢአት አለው?” ይላሉ። ከዚህ ክርክር ውስጥ እውነት ያለበት ወገን አለ፤ እርሱንም እንቀበላለን። የመርከቡ ዝርዝር የአሜሪካ መንግሥት ጽሑፍ ነው፤ ድርጅቱ አልጻፈውም። ነገር ግን የሸጠልን ስሙን አይደለም፤ ከብዙ ሺህ የፊልም ጥቅል ውስጥ ያንን ስም በደቂቃ የሚያገኝልንን ድካም ነው የሸጠልን። ድካሙን የፈለገ ሰው የድካሙን ዋጋ ይከፍላል፤ ድካሙ ውድ ሆኖ የታየው ሰው ደግሞ ወደ ሌላ በር ይሂድ። ከሁሉ ይልቅ ግን፥ ውሉን የፈረመው ሰው ድርጅቱን ሳይወድ ተገዶ አልፈረመም። ቃላችን የሚጸናው ቃል የሰጠነው ሰው ደግ ሲሆን ብቻ ከሆነ፥ ነገ ከባለጸጋ ነጋዴ የተበደረ ድኻ ሁሉ ብድሩን ላለመመለስ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። በማዕከላዊው ገበያ በዱቤ የሚሰጥና የሚቀበል ሕዝብ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ይህች ነጋዴ ራሷ በእኅቷ ልጅ ቍልፍ መግባቷንም ልብ ያለው አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም። ወጣቱ በፍቅር አድርጎታል፤ ቢሆንም ሊያደርገው የሚገባው ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ገጽ ለአክስቱ መላክ ነበረ፤ ይህም ለቤተ ሰብ ጥናት የተፈቀደ ነው። አንሴስትሪ ራሱ ደንበኛው ያገኘውን አንድ መዝገብ ደንበኛ ላልሆነ ዘመድ የሚያሳይበትን መንገድ ሰጥቷል፤ የትውልድ ዛፉንም ያዘጋጀ ሰው ሌላውን በእንግድነት ሊጋብዝ ይችላል፤ በሕይወት ያሉት ሰዎች ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ ለእንግዳው ይሰወሩበታል። የተፈቀደው መንገድ ሳለ የተከለከለው የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ውሉን ማንም ስለማያነብበው ነው። ረጅም ነው፥ በእንግሊዝኛም ነው፥ ፊደሉም ደቃቅ ነው። እኔም ሙሉውን ለማንበብ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጽሑፍ መሆኑን አልክድም።

ቍልፍን ስለ ማዋስ ሌላም አደጋ አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ በተባለው፥ በምራቅ የዘር ምርመራ በሚያደርገው የአሜሪካ ድርጅት ላይ ዘራፊዎች ገቡ። የገቡት ሰዎች በሌላ ስፍራ የተሰረቀባቸውን የይለፍ ቃል በዚህም ደግመው ይጠቀሙ ስለ ነበር ነው፤ የተከፈቱትም ወደ 14,000 የሚሆኑ የደንበኛ መለያዎች ናቸው። ነገር ግን ደንበኞቹ ከዘመዶቻቸው ጋር እንዲተያዩ ፈቅደው ስለ ነበር፥ በእነዚያ ጥቂት በሮች የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች ጉዳይ ታየ። ድርጅቱም በ2025 መጋቢት ወር ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ የደንበኞቹ መዝገብ ለማን ይሸጥ ይሆን ተብሎም ብዙ ሰው ተጨነቀ። እንግዲህ የትውልድ መዝገብ ቍልፍ እንደ ሣጥን ቍልፍ አይደለም። ሣጥን ቢከፈት የሚዘረፈው ባለቤቱ ነው። በዚህ ግን ከባለ ቍልፉ ጋር አንዲት ቃል ያልተነጋገሩ፥ ውሉንም ያልፈረሙ ዘመዶች ሁሉ ይጋለጣሉ። ጎረቤቲቱ የይለፉን ቃል በወረቀት ጽፋ በበርበሬው ከረጢት ላይ ብትረሳው የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ አስቡ።

ታዲያ ጎረቤቲቱ ባዶዋን ትመለስን? አትመለስም። ወደ ሌላ በር መሄድ ያልሁት ለማለት ያህል አይደለምና። ፋሚሊሰርች የሚባለው መዝገብ በአሜሪካ የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን የሚያዘው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የኒው ዮርክንም የመርከብ ዝርዝር እስከ 1957 ድረስ ይዟል። እነርሱ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ስለ ሙታን ጥምቀት ባላቸው ትምህርት ምክንያት መሆኑን እኛ ልናውቀው ይገባል፤ በዚያ ትምህርት አንስማማም፤ ዝርዝሩ ግን ለሁሉ የተከፈተ ነው። በብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የሚከፈልበት አንሴስትሪ እንኳ ለአንባቢ በነጻ ይገኛል፤ የከፈለለት ቤተ መጻሕፍቱ ነውና። የብራና መጻሕፍታችንም እንዲሁ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በገዳማትና በአድባራት እየዞረ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ያነሣው ሥራ፥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት አስነሥቷል፤ ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኔሶታ በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ፤ ብዙዎቹንም የተመዘገበ ሰው ሁሉ ሳይከፍል በኢንተርኔት ያነባቸዋል። በእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ጽሑፍ፥ የሰዎችም ስም ይገኛል። ስለዚህ የነጋዴይቱ የመጀመሪያ ግዴታ ለጎረቤቷ ቍልፉን መስጠት ሳይሆን፥ አጠገቧ ተቀምጣ ነጻውን በር ማሳየት ነው። አንድ ምሽት ታጠፋበታለች፤ ቍልፍ ማዋስ ግን ምንም ድካም የለበትም፤ ለጋስነት መስሎ የሚታየውም ስለዚሁ ይመስለኛል።

ስለ ገጹ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1991 ስለ አንድ የስልክ ቍጥር መጽሐፍ ተከራክረው የቀረቡለትን ሁለት ድርጅቶች ሲዳኝ፥ ስምና ቍጥር እውነታዎች ናቸውና ሰብሳቢው ስለ ደከመ ብቻ የደራሲነት መብት አያገኝባቸውም ሲል ፈርዷል። የእኛም አገር የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት ዐዋጅ፥ ቍጥሩ 410 የሆነው፥ ተራ መረጃን ከጥበቃው ውጭ አድርጎታል። በአውሮፓ ግን ከ1996 ጀምሮ ብዙ ወጪ የወጣበትን የመረጃ ክምችት በጅምላ መውሰድ ተከልክሏል። ድርጅቶቹም በውላቸው የሚሉት ከዚህ ይቀራረባል፤ ማንም ባለ መብት የሌለበትን ጽሑፍ ደንበኛው በጥቂቱ ቢጠቀም ይፈቀድለታል፤ ከጥቂት በላይ ከሆነ ግን ፈቃድ ይጠይቅ ይላሉ። ስለዚህ ነጋዴይቱ የአያቷን ገጽ ለልጆቿ፥ ለወንድሞቿ፥ ለዕድሯም ብታሳይ ማንም አይወቅሳትም። ወጣቱ ግን የሁሉን ገጽ በአንዲት ሴት ቍልፍ ገልብጦ ሊሸጥ ነው የፈለገው፤ ይህ ማካፈል አይደለም፥ ንግድ ነው። አሳቡ ግን መልካም ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢወጣ እኔ ራሴ ገዝቼ ባነበብሁት። ምስሉን ከነጻው መዝገብ ወይም ከአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት በስሙ ጠይቆ ይውሰድ፤ የሚዘገይበት ጥቂት ወራት ነው።

አሁን ወደ ወንድምየው እንመለስ። አያትዮው ከመርከብ ሲወርድ በማርሴይ ከተማ ሴት አግብቶ ልጅ ወልዷል፤ ነጋዴይቱም ገጽ ከገጽ እያያያዘች ሄዳ ይህን ደርሳበታለች። በድሬዳዋ የቀረችው አያት ግን እስክትሞት ድረስ ባሏን ስትጠብቅ የኖረች፥ በታማኝነቷም በሰፈሩ ስሟ የሚጠራ ሴት ነበረች። ወንድምየው “የእናቶቻችንን ዕንባ ለገበያ አናውጣ” ይላል። ስለ ቍልፉ ስናገር የመሬት ርስት የሚከፋፈል ያህል በጥብቅ ተናግሬ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ግን ብዕሬ ይዘገያል፤ ሁለቱም እውነት አላቸውና።

ስለ ሙታን ነውር ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያህል እንደማያፍሩ እናውቃለን። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ትዕማርንና ረዓብን፥ የኦርዮንንም ሚስት ከሐረጉ አላወጣም፤ ሊያወጣቸው ቢፈልግ ግን ቀላል ነበር። በዕዝራም ዘመን ስማቸውን በትውልድ መዝገብ ፈልገው ያጡ ሰዎች ከክህነት ተከለከሉ፤ መዝገቡን ሰው እንደ ወደደ አያስረዝመውም፥ አያሳጥረውም ነበር። ስለዚህ “ለክብራችን ስንል አያታችን በማርሴይ አልወለደም እንበል” የሚለውን አልቀበለውም። ደግሞም በማርሴይ የተወለደው ልጅ ልጆች ቢኖሩትና አንዱ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የዚህችን ነጋዴ የልጅ ልጅ ቢያጭስ? ሰባት ቤት የሚቈጥሩት ሽማግሎች ዐሳባቸው ይህ ነበረ። ወሬው የድርጅቱ አይደለም፥ የነጋዴይቱም ብቻ አይደለም፤ የሚነካቸው ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ዳሩ ግን ድርሻ አላቸው ማለት በገበያ ይታወጅ ማለት አይደለም። ሕዝቦች ሁሉ በዚህ ነገር በዓመታት አጥር አጥረዋል። ፈረንሳዮች የልደትና የጋብቻ መዝገብ 75 ዓመት ሳይሞላው ለማንም አይከፍቱም፤ ጀርመኖች ለልደት መዝገብ 110 ዓመት፥ ለጋብቻ 80 ዓመት ይጠብቃሉ፤ አሜሪካኖችም የሕዝብ ቈጠራቸውን 72 ዓመት ይዘጋሉ፤ የ1950ውን የከፈቱት በ2022 ነው። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ አውጥታለች። እነዚህ ቍጥሮች ሁሉ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ መዝገቡ ስለ ማን እንደሚናገር ሳይሆን፥ በመዝገቡ የተጻፈው ሰው ዛሬ በሕይወት መኖሩ አስቀድሞ ይታሰባል። በማርሴይ የተወለደው ልጅ ዛሬ ቢኖር ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ ነው። ምናልባት አባቱ በአገሩ ሌላ ሚስት እንደ ነበረችው አያውቅም ይሆናል። ከድሬዳዋ ሰፈር ይልቅ ይህን ወሬ አስቀድሞ ሊሰማ የሚገባው እርሱ ነው፤ የሚሰማውም ከደብዳቤ እንጂ ዓለም ሁሉ ከሚያየው የትውልድ ዛፍ ላይ መሆን የለበትም። በቤት ውስጥም ላሉት ታላላቆች አስቀድሞ፥ በተለይም በሽምግልናቸው ለደከሙት በጥንቃቄ፥ ከዚያም ለጎልማሶች ይነገር። ወንድምየው ጊዜ ቢለምን ሊሰጠው ይገባል፤ ለዘለዓለም ዝም በይ ቢላት ግን እኅቱ አትታዘዘው።

ይህ የተፈጠረ ምሳሌ ቢሆንም፥ በእውነተኛ ኑሮ ከዚህ የባሰ የሚጋፈጡ የአገራችን ልጆች አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ሕፃናት ለማደጎ ሄደዋል፤ ምክር ቤቱ የውጭ አገር ማደጎን በጥር 2010 ዓ.ም. ከለከለ። የሄዱት ዛሬ ጐልምሰው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ከፊሉም በእነዚሁ ድርጅቶች በኩል፥ ምራቃቸውን በብልቃጥ ልከው ዘመድ የሚያገኙ ናቸው። ልጅ እናቱን የማወቅ መብት እንዳለው እኔ አልጠራጠርም። ልጇን ከሰጠች በኋላ ሌላ ባል አግብታ በገጠር የምትኖር፥ ለባሏም ያልነገረች እናት ደግሞ አለች። የሥጋ ዘመድ መሆኗን ያወቀ የአክስቷ ልጅ በአሜሪካ ተቀምጦ ስሟንና ቀበሌዋን ለጠየቀው ሁሉ ቢልክ፥ ለአንዱ እውነትን ሲሰጥ የሌላይቱን ቤት ሊያፈርስ ይችላል። መልእክቱ በታመነ ሰው እጅ ለእርስዋ ብቻ ደርሶ፥ እርስዋ ራሷ እስክትመልስ ድረስ ስሟ በሦስተኛ ሰው እጅ ባይቀመጥ ይሻላል። ልጁ እየጠበቀ እንደሚሠቃይ ዐውቃለሁ።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የልደት፥ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለብዙ ሰው የጥምቀት መዝገብ ስለ እርሱ ከተጻፉት ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው። በየማኅበሮቻችን ቢሮ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ እነዚህ መጻሕፍት አሉ፤ ምሥጥ የሚበላቸውም አሉ። አንድ ቀን ካሜራ የያዘ ወዳጅ መጥቶ “መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ላንሣው፥ በኢንተርኔት ይቀመጥ፥ ከምሥጥም ይድናል” ቢለን ምን እንመልስለት? እሽ ብንለው መጽሐፉ ይድናል፤ ነገር ግን የገዛ ምእመናችን የአባቱን ጥምቀት ለማየት በዶላር ሊከፍል ይችላል። እንቢ ብንለውም ምሥጡ ይቀጥላል። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ይነሣ፤ ቅጂው አስቀድሞ በማኅበሩ እጅ ይቅር፤ ለድርጅት የሚሰጥ ከሆነ የማኅበሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ሳይከፍሉ የሚያዩበት ቃል በጽሑፍ ይገባ፤ ከሰባ አምስት ዓመት ወዲህ ያሉት ገጾች ደግሞ አይሰጡ። ይህን የሚወስነው ቄሱ ብቻውን አይደለም፥ የማኅበሩ ሽማግሎች ተሰብስበው ነው።

እስከዚያው ድረስ ስለ ራሱ ወይም ስለ ወላጆቹ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፥ መጽሐፉን ሁሉ ሳንዘረጋለት የእርሱን መስመር ብቻ ገልብጠን እንስጠው። በግልባጩም ላይ የመጽሐፉ ቍጥር፥ ገጹ፥ የተገለበጠበት ቀንና የገለበጠው ሰው ስም ይጻፍበት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ወረቀቱን በጅቡቲ ወይም በቶሮንቶ የሚያገኘው የልጅ ልጅ ወዴት ተመልሶ እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ነው።